ቸኮሌት የለበሱ ቋጠሮዎች

ቬርና ሞየር ቸኮሌት ስታቀልጥ ሰው እንዲያናግራት አትወድም። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ግን አክስቷ ላቪና አላስቀምጥ አለቻት።

«እስቲ ቀና በይ! ከንፈርሽ ላይ ቸኮሌት አለ። ለዶክተሩ ነው ያስቀመጥሽለት?»

«አክስቴ፣ በፈጠረሽ! ያርርብኛል።»

«እሱስ ቸኮሌቱ ነው? እኔ እንደማየው የሚያርረው ሌላ ነገር ነው።»

ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው አባቷ ኤሞስ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ቬርና ፊቷ ቀላ። አንገቷን ደፍታ ማማሰያዋን ማዞር ቀጠለች። ቸኮሌቱ በፈላ ውሃ ድስት ላይ በተቀመጠው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀስ ብሎ እየለሰለሰ፣ እንደ ሐር እየተንጣለለ ነበር።

የሞየር መጋገሪያ ቤት የሚገኘው በኤሽቤክ ከተማ፣ ሰዉ ሁሉ ታችኛው መንገድ በሚለው ሰፈር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጋገርበት ፕሬትዝል ነው፤ ሁለት ክንድ ደረቱ ላይ ያጣመረ ሰው የሚመስለው፣ ጨው የተነሰነሰበት ደረቅ ቋጠሮ ብስኩት። ገና ሲቃረብ ግን ቋጠሮዎቹ የክት ልብሳቸውን ይለብሳሉ። ቬርና አንድ በአንድ በሹካ እያነሳች ቸኮሌቱ ውስጥ ትነክራቸዋለች፤ የሳህኑን ጠርዝ መታ መታ አድርጋ ትርፉን ታራግፍና ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ትደረድራቸዋለች። ሳይደርቁ ደግሞ ግማሾቹ ላይ የተፈጨ ቀይና ነጭ የናና ከረሜላ ትበትንባቸዋለች፤ ግማሾቹ ላይ ነጭ ቸኮሌት እንደ ክር በቀጭኑ ትስልባቸዋለች። አንዱ ክንዱ ከሌላው ካጠረ፣ ወይም ቸኮሌቱ አየር ይዞ ቀዳዳ ካበጀ፣ ወደ ጎን ይጣላል።

«ይሄ ምን ሆነ ብለሽ ነው የጣልሽው?» ትላታለች ላቪና፣ የተጣለውን እየቆረጠመች።

«ጠሟል።»

«ሆዴ ውስጥ ይቃናል።»

«ሞየሮች ጠማማ አይሸጡም፣ አክስቴ።»

ይህን ስትል አባቷ ኤሞስ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ባለፈው በጋ መጋገሪያው ውስጥ ወድቆ ቀኝ እጁ ከሰነፈ ወዲህ፣ ሊጥ የሚያድቦለቡለውም የሚቋጥረውም የልጁ እጅ ብቻ ነው። እጁን ያጣው ሰውዬ ኩራቱን ግን አላጣም፤ ልጁ እጅ ላይ አይቶታል።

ዋረን ሆስተተርም ወደ ቬርና ሕይወት የገባው በዚያው የበጋ ቀን ነበር። ሕክምና ከሚማርበት ከፊላደልፊያ ለእረፍት መጥቶ በታችኛው መንገድ ሲያልፍ ኤሞስ ሲወድቅ በመስኮቱ አየ። ሮጦ ገባ፤ ነጭ ሱሪውን ሳይሳሳለት ዱቄት በሞላው ወለል ላይ ተንበርክኮ የሰውየውን ራስ ጭኑ ላይ ደገፈ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በሽተኛውን ሊጠይቅ ይመጣ ጀመር። የልብ ትርታ ሲቆጥር ዓይኑ ሰዓቱ ላይ መሆን ሲገባው ሊጡ ላይ ያርፍ ነበር፤ ከሊጡ ወደ ጣቶቿ፣ ከጣቶቿ ወደ ፊቷ። እሷም ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ይገጣጠሙና ሁለቱም እንደ ተያዘ ሌባ ይደነግጣሉ። ላቪና እንደምትለው፣ «ኤሞስ ከዳነ ቆየ፤ ሐኪሙ ግን እስካሁን አልዳነም።»

ግን ዋረን የሆስተተር ልጅ ነው። ቤታቸው ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ የድንጋይ ቤት ነው። አባቱ በሕይወት ሳለ ዳኛ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ክላራ ሆስተተር በታችኛው መንገድ ስታልፍ የሚታየው መኪናዋ እንጂ እግሯ አይደለም። እሷም ብትሆን የተወለደችው እዚያው ታችኛው መንገድ ላይ ነው፤ የፕሬትዝል ጋጋሪው የዮናስ ክሊንገር ልጅ ናት። ልጅ ሳለች ከኤሞስ ጋር በአንድ ገበታ ላይ ሊጥ ስትቋጥር አድጋለች። ይህን በኤሽቤክ የማያውቅ የለም፤ አፉን ሞልቶ የሚናገርም የለም። ወጣቱን የሕግ ሰው አግብታ ኮረብታውን ከወጣች ወዲህ ቁልቁል አይታ አታውቅም። ኤሞስም ሲያገኛት ባርኔጣውን አንስቶ «ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ ሆስተተር» ብሎ ያልፋል፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

ታዲያ ዋረን ረቡዕ ከሰዓት መጥቶ ነበር። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ቅዳሜ እናቴ የገና ግብዣ አላት። ነይ። ሁሉም ባሉበት እናገራለሁ» አላት።

«ምን ብለህ?»

«ይቺ ናት ብዬ።»

ቬርና ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የሟች እናቷን አረንጓዴ የሱፍ ቀሚስ አውጥታ ወገቡን ማጥበብ ጀመረች። በአንድ ቃል ሰው እንዲህ ይከብራል?

እና በዚያ ሐሙስ፣ ቸኮሌቱ ልክ እንደምትፈልገው በሆነ ሰዓት፣ የሱቁ በር ደወል ጮኸ። ቬርና እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች ወጣች። በሩ ላይ የቆመችው ወይዘሮ ክላራ ሆስተተር ነበረች፤ በጥቁር የጸጉር ኮት፣ በጥቁር ጓንት። ዓይኗ አንዴ ምድጃው ላይ፣ አንዴ ገበታው ላይ አረፈና ቶሎ ተመለሰ። የተቃጠለ ነገር የነካች ትመስል ነበር።

«ልጄ ቸኮሌት የለበሰው ፕሬትዝላችሁ ጠረጴዛችን ላይ ካልኖረ ገና አልመጣም ባይ ሆኗል» አለች።

ቬርና ልቧ በደስታ ዘለለ። «እንዴታ፣ እሠራለሁ! እንዲያውም ለእርስዎ...»

«ሁለት ትልልቅ ትሪ ይበቃል። ራስሽ ይዘሽው ትመጫለሽ። በኩሽና በር ግቢ። ነጭ ሽርጥ ይዘጋጅልሻል፤ እየዞርሽ እንግዶቹን ታስተናግጃለሽ።»

«እኔ? ግን ዋረን እኮ...»

«ዋረን ተስማምቷል።»

ሴትዮዋ ዞራ ወጣች። ደወሉ እንደገና ጮኸ። ቬርና ወደ ኋላ ስትመለስ ቸኮሌቱ ከዳር ከዳሩ መርጋት ጀምሮ ነበር።

«ምን አለች ያቺ?» አለች ላቪና።

ቬርና ነገረቻት።

«እሰይ! በነጭ ሽርጥ! ትሪውን እዚያ አናቷ ላይ ድፊባት! አትሄጂም!»

«እሄዳለሁ።»

«አብደሻል?»

«የሠራሁትን ሌላ ሰው ተሸክሞልኝ አይገባም። ደግሞም...» ማማሰያዋን አነሳች። «በሽርጥ ሊያየኝ ፈልጎ ከሆነ፣ ሲያየኝ ዓይኑን ማየት እፈልጋለሁ።»

ኤሞስ ጤነኛውን ግራ እጁን ዘርግቶ የልጁን እጅ ያዘ፤ ቸኮሌት የነካውን፣ ሞቃቱን እጅ። ቬርና በዚያች ሰዓት ከመዋረድ ይልቅ የመጠራጠር ሕመም እንደሚበልጥ አወቀች።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሆስተተር ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ጣሪያ የሚነካ የገና ዛፍ ቆሟል፤ ከጥግ ፒያኖ ይመታል። የከተማው ከበርቴዎች ሁሉ አሉ። ከፊላደልፊያም የመጡ ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል ዋረንን የሚያስተምሩት ሐኪም ባለቤት፣ ወይዘሮ ዊትኮም የሚባሉ ወፈር ያሉ ሳቂታ ሴት።

ቬርና በኩሽና በር ገባች። አረንጓዴ ቀሚሷ ላይ ነጩን ሽርጥ አሰረች። ከዚያ ትሪውን በሁለት እጇ አንስታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ሳሎኑ ወጣች።

ቋጠሮዎቹ በሕይወቷ ከሠራቻቸው ሁሉ የሚያምሩት ነበሩ። መብራቱ ሲያርፍባቸው ቸኮሌቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ የናናው ከረሜላ ቀይ ፈርጥ ይመስላል። እሷ በምታልፍበት ወሬ ጸጥ ይልና «ወይ ማማር!» ይከተላል። አንድ ሽማግሌ አንዱን አንስተው «ይሄማ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ይበላል?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያም በሉት።

ዋረን ፒያኖው አጠገብ ቆሞ ነበር። ቬርናን አያት።

መጀመሪያ ፊቱ በራ። ልክ በመጋገሪያ ቤቱ በር ሲገባ እንደሚበራው። ከዚያ ዓይኑ ወረደና ሽርጡ ላይ ደረሰ። አፉን ከፈተ። እናቱ እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች። አፉ ተዘጋ። ወለሉን አየ።

አንድ አፍታ ብቻ ነበረች። ለቬርና ግን ያች አፍታ እንደ ክረምት ረዘመች።

«ክላራ!» አሉ ወይዘሮ ዊትኮም በሞላ አፋቸው። «ይሄ ምንድነው? እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም! ጨውና ቸኮሌት አንድ ላይ፣ ማን አሰበው? ከየት ነው ያስመጣሽው?»

«ከእናንተው ከፊላደልፊያ ነው» አለች ወይዘሮ ሆስተተር ፈገግ ብላ። «የማዝበት አንድ ቤት አለኝ።»

ቬርና ትሪውን አጥብቃ ያዘች። ዋረንን አየችው። እሱ አሁንም ወለሉን ነበር የሚያየው።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ» አለች ቬርና። ድምፏ ከፍ አላለም፤ ግን ፒያኖው ቆመ። «ከፊላደልፊያ አይደለም። ከታችኛው መንገድ ነው። ሊጡን ያቦካሁት፣ የቋጠርኩት፣ የጋገርኩት፣ ቸኮሌት ያለበስኩትም እኔ ነኝ። ቬርና ሞየር እባላለሁ፤ የኤሞስ ሞየር ልጅ።»

ሰው ሁሉ እስትንፋሱን ያዘ። ወይዘሮ ዊትኮም ግን ነገሩ አልገባቸውም፤ እንዲያውም እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አንቺ? በእጅሽ? ይሄን ቋጠሮ? የኔ ልጅ፣ እንዴት ተደርጎ ነው የሚቋጠረው? እዚህ ቤት ከአንቺ ሌላ የሚችል ሰው አለ?»

የኤሽቤክ ሰዎች ሁሉ ብርጭቆአቸው ውስጥ የወደቀ ነገር ይፈልጉ ጀመር። ወይዘሮ ሆስተተር እንደ ግድግዳው ነጣች። ቬርና ዓይኗን አየችው። በዚያ የኩራት ፊት ውስጥ አንዲት የፈራች ትንሽ ልጅ ቆማ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ወይዘሮ ክላራ ትችላለች፤ ከአባቴ ጋር ነው የተማረችው» ቢባል፣ የዚያች ሴት የሠላሳ ዓመት አጥር በአንድ ጊዜ ይፈርስ ነበር። ቃሉ ቬርና ምላስ ላይ ደረሰ። የሚጣፍጥ ቃል ነበር።

ዋጠችው።

«እኔን ያስተማረኝ አባቴ ነው» አለች። «የሌላውን ሰው አላውቅም።»

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች፤ በደንብ አጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው። ከዚያ ዋረንን አንዴ ደግማ አየችው። በዓይኗ ጠራችው፣ ለመነችው፣ ጠበቀችው። እሱ ግን ከፒያኖው አጠገብ አልተንቀሳቀሰም።

ቬርና በእንግዶቹ መካከል አልፋ በፊት በር ወጣች። ደጁ ላይ በረዶ ይጥላል፤ ግን ደረቷ ውስጥ የነደደውን ነገር በረዶው ሊያበርደው አልቻለም።

*

«ቬርና! ቬርና፣ ቁሚ!»

ያለ ኮት፣ ያለ ባርኔጣ ሮጦ ከአጥሩ በር ደረሰባት።

«ስለ ሽርጡ አላውቅም ነበር! በእናትሽ ነፍስ እምልልሻለሁ። ፕሬትዝሉን እናዝዝ ስትለኝ እሺ አልኩ፤ የጠየቀችኝ ይሄን ብቻ ነው። በፊት በር እንግዳዬ ሆነሽ ትመጫለሽ ብዬ መስኮት መስኮቱን ሳይ ነበር!»

ቬርና ፊቱን በደንብ አየችው። እውነቱን ነበር።

«አምኜሃለሁ» አለች።

«ተመስገን!»

«ስለ ሽርጡ አምኜሃለሁ። ዝምታውስ? እሱንም እናትህ ናት ያዘዘችልህ?»

ዋረን የአጥሩን በር ያዘ። በረዶው ጸጉሩ ላይ ይከመር ጀመር።

«ፈራሁ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«አላውቅም። የአስተማሪዬን ሚስት። ሰዉን። እናቴን።»

«እኔ ትሪ ተሸክሜ አልፈራሁም፣ ዋረን። አንተ እጅህን ኪስህ ከትተህ ፈራህ።»

«ቬርና፣ እወድሻለሁ!»

«እሱን አውቃለሁ። እኛ ምድጃ አጠገብ ትወደኛለህ፤ እናንተ ፒያኖ አጠገብ ግን አላወቅከኝም። እኔ ደግሞ ሁለቱም ቦታ አንድ ሴት ነኝ።»

«ተመልሰን እንግባ። አሁኑኑ እናገራለሁ።»

«አሁን የምትናገረው ያለቀስኩብህ መስሎህ ነው። አላለቀስኩም። ግባ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ቁልቁለቱን ያዘች። ዞር አላለችም። የእሱ ዓይን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ታውቃለችና አረማመዷን አሳመረች። እንባዋ የመጣው ታችኛውን መንገድ ታጥፋ፣ ከኮረብታው ከማትታይበት ከደረሰች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን መጣ፤ እንደ ጎርፍ። የሚወዱትን ሰው ትንሽ ሆኖ ማየትን የመሰለ ሐዘን የለም።

*

በማግስቱ እሑድ ነበር። በኤሽቤክ ከገና በፊት ባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ የልጆች ግብዣ የሚደረገው በበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አዳራሽ ነው። ቀያዮቹን መኪኖች ደጅ አውጥተው በረዶ ላይ ያቆሟቸውና አዳራሹን በወንበር ይሞሉታል። የሞየር ቤት ለያንዳንዱ ልጅ ቸኮሌት የለበሰ ፕሬትዝል ይሰጣል፤ በነጻ። ከቬርና አያት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው።

«ዛሬ እንኳ ቅሪ» አላት አባቷ ጠዋት። «ላቪና ታድላለች።»

«ላቪና ካደለች ግማሹ ሆዷ ውስጥ ይቀራል» አለች ቬርና። ሁለቱም ሳቁ፤ ዓይኗ ግን አብጦ ነበር።

ለልጆቹ የሠራቻቸው ከሆስተተር ቤቶቹ አያንሱም ነበር። በነጭ ቸኮሌት ዓይንና አፍንጫ የሣለችባቸው ነበሩ፤ ቀንድ አውጥታላቸው አጋዘን ያስመሰለቻቸው ነበሩ። ነጭ ጨርቅ ከለበሰው ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ ደረደረቻቸው። የትናንቱን ወሬ ያልሰማ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ሴቶቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ትከሻዋን ነካ ያደርጋሉ። አንዱ እሳት አጥፊ «አይዞሽ፣ የኔ አንበሳ!» አላት ጮክ ብሎ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ልጆቹ ሊሰለፉ ሲሉ በሩ ተከፈተ።

የገባው ዋረን ነው። ከኋላው እናቱ። ጸጥታው ከበሩ ጀምሮ እስከ ዛፉ ድረስ ሄደ። ሰዉ መጀመሪያ ያየው የሴትዮዋን ጫማ ነው፤ በረዶና ጭቃ ነክቶታል። ከኮረብታው በእግሯ ነው የወረደችው።

ዋረን አዳራሹን አቋርጦ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። ፊቱ ገርጥቷል። ግን ዓይኑ ወለሉ ላይ አልነበረም።

«ትናንት እኛ ቤት አንድ ጥያቄ ተጠይቆ ነበር» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄን የሠራው ማነው ተብሎ። እኔ አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ። ዛሬ እመልሳለሁ። የሠራችው ቬርና ሞየር ናት። የምወዳት ሴት ናት። እሺ ካለችኝ የማገባት ሴት ናት።»

ከኋላ ያለች ሴት አፏን በመሀረብ ያዘች።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለ ዋረን፣ አሁን ቬርናን ብቻ እያየ። «መንገድ ላይ ስመጣ፣ ያፈርኩት በራሴ ነው እንጂ በእሷ አይደለም ልል አስቤ ነበር። ውሸት ነው። ለአንዲት አፍታ በአንቺ አፈርኩ፣ ቬርና። ይቅርታ የምጠይቅሽ ለዚያች አፍታ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዪልኝ እንኳ ያችን አፍታ በቀላሉ እንዳትተዪልኝ።»

ቬርና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ትናንት ትንሽ ሆኖ ያየችው ሰው ፊቷ ቆሞ፣ ትንሽነቱን ራሱ በአደባባይ እየለካ ነበር፤ ሲለካው ደግሞ እያደገ።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ወይዘሮ ሆስተተር ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ቀኝ ጓንቷን አወለቀች። አንዱን ቋጠሮ አንስታ ቆረሰችው፤ አኘከችው። አዳራሹ ሙሉ የመቆርጠሙን ድምፅ ሰማ። ከዚያ ከጎን ወዳለው ወንበር፣ ወደ ኤሞስ ዞረች።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

ኤሞስ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። ባርኔጣውን አላነሳም።

«አባትሽም ሁልጊዜ እንዲህ ይለኝ ነበር፣ ክላራ።»

አንቺ አላት። በስሟ ጠራት። ላቪና የያዘችው ትሪ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ሴትዮዋ የቀረውን ቁራሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ይህ ቀና ማለት ግን የኮረብታው አልነበረም።

«ይል ነበር» አለች። «ጨው ሲበዛ ቸኮሌቱ ያለቅሳል ይል ነበር፣ አባቴ ዮናስ ክሊንገር። እዚህ ከተማ ከእሱ የተሻለ ቋጣሪ አልነበረም።»

«እኔ ነበርኩ» አለ ኤሞስ።

«አንተማ ዘገምተኛ ነበርክ! እኔ እንኳ እቀድምህ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ውስጥ ብዙ ሰው ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ወይዘሮ ክላራ ወደ ቬርና ዞረች፤ ድምፏን ዝቅ አድርጋ፣

«ትናንት ልታዋርጂኝ ትችይ ነበር። በገዛ ቤቴ፣ በእንግዶቼ ፊት። የሚገባኝም ነበር። ለምን ተውሽኝ?»

«ትሪው ላይ ይዤ የመጣሁት የራሴን ሥራ ነበር፣ ወይዘሮ። የእርስዎን ታሪክ አልነበረም።»

«ኩራተኛ ነሽ።»

«ነኝ።»

«እኔም ኩራተኛ የነበርኩ ይመስለኝ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ለካ ፍርሃት ኖሯል።» ጓንቷን መልሳ አላጠለቀችውም።

ዋረን አሁንም እዚያው ቆሟል። እንደ ተማሪ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ፍርዱን እየጠበቀ።

«ቬርና... መልስሽን ልስማ?»

«እኔ መጋገሪያ ቤቱን አልተውም፣ ዋረን። ኮረብታ ላይ ወጥቼ እጄን በጓንት አልደብቅም።»

«ተዪ ያለሽ የለም። ትምህርቴን ስጨርስ እዚሁ ኤሽቤክ ነው የምሠራው። ቤታችን የትም ይሁን፣ እንጀራሽ ያለበት የእኔም ቦታ ነው።»

«ሕዝብ ፊት የተናገርከውን ሁለታችን ብቻ ስንሆንም ትደግመዋለህ?»

«እስኪሰለችሽ።»

ቬርና አየችው። ረጅም እይታ ነበር፤ የበጋው ዱቄት፣ የፒያኖው ዝምታ፣ የበረዶው መንገድ ሁሉ አለፈበት። አዳራሹ እስትንፋሱን እንደያዘ፣ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ያለች አንዲት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ መታገስ አቃታት።

«እኛስ? የኛ ቸኮሌት መቼ ነው?»

ቬርና ሳቀች። ከሐሙስ ወዲህ ከሆዷ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሰምተሃል» አለችው ዋረንን። «ልጆቹ እየጠበቁ ነው። ኮትህን አውልቅና እጅህን ታጥበህ በዚህ በኩል ና።»

ዋረን ባለበት ደርቆ ቀረ። «ይሄ... እሺ ማለት ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነው የከረምከው?» ብላ ጮኸች ላቪና። «እሺ አለችህ እኮ ነው! ሩጥ፣ ታጠብ!»

ሮጠ። ሲመለስ እጁ ከቀዝቃዛው ውሃ የተነሳ ቀልቷል። ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ከቬርና ጎን ቆመ፤ ክንዱ ክንዷን ነካ። የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ለትንሿ ልጅ ሲሰጥ ጣቱ ላይ ቸኮሌት ተለቀለቀ፤ ሊጠርገው መሀረብ ፈለገና ተወው። ኤሽቤክ ሁሉ፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ ዓይኑን ሳይነቅል እያያቸው ነበር። ቬርና ለአንዳቸውም ዓይኗን አልሰበረችም። ከጎኗ የቆመው ሰው ለአንድ አፍታ አጥታው፣ ራሱን ፈልጎ አግኝቶ የመጣላት ሰው ነው። ደረቷ ውስጥ ያለውን ስሜት ፍቅር ብቻ ብሎ መጥራት አነሰባት፤ ፍቅርም ኩራትም ነበር፣ ሁለቱ ተቋጥረው።